ከቀይ መስመሩ በታች የፈረሙት ዳይሬክተር

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በተማሪነት አይደለም፤ በዘበኝነት ነው። በደርግ ጊዜ ቦሌ አካባቢ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ዘበኛም ተላላኪም ደወል መቺም ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ያ ሰፈር ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሄጄ ባየው ራሱ በሩን የማገኘው አይመስለኝም። ያኔ ከአጥራችን ወዲያ የጤፍ ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ጉልበቴን በማያስገባ የልጅ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። ጽሕፈቴ የተጣመመ ከሆነ ጥፋቱ የዴስኩ ነው።

ስለ አንድ ዳይሬክተር ነው መጻፍ የፈለግሁት። ስለ እሳቸው እኔ ካሰብኩት ይልቅ መምህራኑ ያሰቡትን አብልጬ አውቃለሁ። መምህራን ዘበኛ ፊት እንደልባቸው ያወራሉ። ከጥዱ ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ እኔ አጠገባቸው ግቢ እየጠረግሁ፣ አለቃቸውን ያሙታል፤ መጥረጊያው የሚሰማ አይመስላቸውም። ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም ያ ወሬ ባይኖር ቀኑ አይመሽልኝም ነበር።

ዳይሬክተሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ሲጠየቁ የሚመልሱት መልስ አንድ ነው፤ «ይደር።» ሁለት መምህራን በጠመኔ ተጣልተው ቢመጡ፣ ይደር። ተማሪ መስኮት ሰብሮ ይባረር ቢባል፣ ይደር። ከዚያ ትምህርት ሲያልቅ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በባንዲራው ምሰሶ ዙሪያ ይመላለሳሉ። በማግስቱ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ይጠይቃሉ። መስኮቱ የተሰበረ ጊዜ ለምሳሌ፣ ማን ሰበረው አላሉም፤ «ያን መስኮት የቸነከረው ማነው?» አሉ። የቸነከርኩት እኔ ነበርኩ። ልጁ ሊከፍተው ሲታገል ነበር የሰበረው። ልጁም አልተባረረ፣ እኔንም አልተቆጡኝ፤ ምስማሩን ነቀልኩ።

መምህራኑ «ጓድ ይደር» የሚል ስም አወጡላቸው። ከሁሉ የሚብስባቸው የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ ምላሱ ስለት ነው፣ ሲያወራ ግን ሰው ያስቃል።

«ይሄ ሰውዬ ሚስቱንም ያገባት ይደር እያለ ነው» ይላል። «ለዚህ እኮ ነው ጸጉሩ ሸብቶ ልጆቹ ገና ዳዴ የሚሉት!»

«አንተ ደግሞ!» ትለዋለች የሳይንስ መምህርቷ። «ሲጮህብህ ነው አለቃ የሚመስልህ?»

«መጮህስ ይቅር፤ ይወስን! እሱ ሲያስብ እኛ ጡረታ ልንወጣ ነው።»

«እኔ ስሳሳት የጮኹብኝ አለቆች ብዙ ናቸው። ለምን እንደተሳሳትኩ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ይህቺ መምህርት ከኮተቤ ወዲያ ነበር የምትመጣው። መገናኛ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሯ። ሌሎቹ ብዙዎቹ ቅርብ ነው ቤታቸው። እሷ ግን ከአልጋ የማትነሳ እናት ነበረቻት፤ አጥባ፣ አብልታ፣ አገላብጣ ነው የምትወጣው። ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን የመዝገቡን ነገር ልናገር። ጠዋት ጠዋት መምህራን የሚፈርሙበት ትልቅ መዝገብ ነበር። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ የመጀመሪያውን ደወል እመታለሁ፤ ባንዲራ ይሰቀላል። ልክ ሁለት ሰዓት ሁለተኛውን እመታለሁ፤ ያኔ ዳይሬክተሩ ቀይ እስክሪብቶ ያወጡና ከመጨረሻው ፊርማ ሥር መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ደጋግሞ ከታች የተገኘ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ሁለተኛ ደብዳቤ ከተጻፈበት ስሙ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። በዚያን ዓመት ደግሞ ስማቸው የሄደ መምህራን ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ይዛወራሉ የሚል ወሬ ነበር። ወሬም ብቻ አልነበረም፤ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሁለት ሰው ሲሄዱ አይተናል። የሳይንስ መምህርቷ እናቷ ሆስፒታል በገባች ጊዜ አንድ ደብዳቤ ተጽፎባታል። የቀራት አንድ ነው።

ደወል የምለው የከባድ መኪና ቸርኬ ነው፤ ጥዱ ላይ ተንጠልጥሏል። የምመታው የቢሮውን የግድግዳ ሰዓት አይቼ ነበር። ሰዓቱ ተበላሸና ለጥገና ተወሰደ፤ እንደወጣ ቀረ። ዳይሬክተሩ «እንግዲህ በምን ትደውላለህ?» ቢሉኝ፣ «አያስቡ ጌታዬ» አልኳቸው። ጌታዬ አትበለኝ፣ ጓድ በለኝ ይሉኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

አያስቡ ያልኩት ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ። አንድ የጠዋት አውሮፕላን ልክ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ከማረፊያው ይነሳና ጣሪያችንን ነቅንቆ ያልፋል። ሰዓቱ ደህና በነበረ ጊዜ ስንት ቀን አስተያይቻቸዋለሁ! አንድ ጊዜ አልተለያዩም። ሰዓት የግድግዳ ነገር ነው፤ አውሮፕላን ግን መንግሥት ነው፣ እንዴት ይሳሳታል ብዬ በእሱ መደወል ጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። በሆዴ ኮርቻለሁ።

ዳይሬክተሩ የእጅ ሰዓት ነበራቸው፤ ግን ወደኋላ መቅረት ይወዳል። ስለዚህ ጠዋት ደወሌን ሲሰሙ ከደወሉ ጋር ያስተካክሉታል። ከዚያ በኋላ ያለውን የቀኑን ደወል ሁሉ እኔ የእሳቸውን ሰዓት እየጠየቅሁ እመታለሁ። እኔ አውሮፕላኑን አምኛለሁ፤ እሳቸው እኔን፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን።

እንዲህ ስንል ከረምን። ከዚያ የሳይንስ መምህርቷ ከመስመሩ በታች መዋል ጀመረች። አውቶቡሱ ፈጥኖ በመጣ ቀን ትቀድማለች፤ ሌላውን ቀን ከታች ናት። መዝገቡን የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ ማንበቡንም ችያለሁ፤ ስሟን ከቀዩ ሥር ባየሁ ቁጥር መዝገቡን ቶሎ እዘጋዋለሁ። አርፋጅ ተማሪዎችም በዙ። በሩ ላይ አንበርክኬ አቆያቸው ነበር።

አንድ ቀን መምህርቷን አላስቻላትም። ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ሰዓት ያሰረችበትን ክንዷን ዘረጋች።

«ይመልከቱ፣ ገና ሁለት አልሞላም።»

ዳይሬክተሩ የራሳቸውን ሰዓት አዩ። ከደወሉ ጋር ልክ ነው። ልክ የሆነው እሳቸው ራሳቸው አሁን ስላስተካከሉት እንደሆነ በዚያች ሰዓት ማናችንም አልታየንም።

«የእኔም ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ ከደወሉ ጋር አስታረቅኩት» አለ የሒሳብ መምህሩ። «አንቺም ታረቂ።»

ሰው ሳቀ። እሷ እስክሪብቶውን አነሳችና ከመስመሩ በታች ፈረመች።

በዚያው ሳምንት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ያን ጊዜ ያልነበረ ሰው እንዲገባው፣ ሁሉም እየተነሳ የራሱን ድክመት የሚናገርበት፣ ከዚያ ሌላውን የሚተችበት ስብሰባ ነው። እኔ ውሃ አቅራቢ ስለሆንኩ በር ላይ እቆማለሁ። የሁሉንም ድክመት በቃሌ አውቀው ነበር፤ አይቀየርማ። አንዱ ሥራ ስለማበዛ ጤናዬን አልጠብቅም ይላል። አንዱ ለጓዶቼ ከመጠን በላይ አዝናለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ድክመት ለልጆቼም በሰጣቸው እላለሁ በሆዴ።

የዚያን ቀን የመምህራኑን የፖለቲካ ትምህርት የሚመራው፣ የውይይት ክበቡ ኃላፊ ተነሳ። ወጣት መምህር ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ቃል ይወዳል። «ጓድ ዳይሬክተር ቆራጥነት ይጎድላቸዋል» አለ። «ሁሉን ነገር ያሳድራሉ። አብዮት አያድርም።» መምህራኑ አጨበጨቡ። የሒሳብ መምህሩ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፍተው በማስታወሻቸው ጻፉ። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ፣ ያ ኃላፊ መዝገቡን ይዞ ገባና የመምህርቷን ማርፈድ አሳያቸው። ይደር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። እዚያው አስጻፉ፣ እዚያው ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። ግልባጩን ኃላፊው ወሰደ። ዋናውን ለእኔ ሰጡኝና «ሰኞ ጠዋት ትምህርት ጽሕፈት ቤት አድርስ» አሉኝ። ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ጎረቤቴ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ የሚጭን፣ ጨዋታ የሚያውቅ እስላም ወዳጄ ነው። ሲያዛጋ ሲያዛጋ፣

«ምነው?» አልኩት።

«ተወኝ ባክህ፤ እንቅልፌን ወሰዱብኝ። የጠዋቱን በረራ በሩብ ሰዓት አስቀደሙት። ሁለት ሳምንቱ ይኸው።»

«የትኛውን የጠዋት?»

«ያ የናንተን ጣሪያ የሚነቀንቀውን ነዋ። ምነው፣ ልትሳፈር ነበር?»

ሁለት ሳምንት። የመምህርቷ ማርፈድ የጀመረው ያኔ ነው። ያንበረከክኳቸው ልጆች ሁሉ አንድ ባንድ ዓይኔ ላይ መጡ።

ሰኞ ማልጄ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ገና ኮታቸውን እየሰቀሉ ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምነው፣ አላደረስክም?»

«ጌታዬ፣ አርፋጁ እኔ ነኝ። ማለቴ... ቀዳሚው እኔ ነኝ።»

ሁሉን ነገርኳቸው። ስናገር አውሮፕላኑ አለፈ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ወደላይ አዩ፣ ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ቁጭ አሉ።

«ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔና እርስዎ።»

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ቢያባርሩኝም ደብዳቤው ይቀደዳል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል ብዬ ነበር። መዝገቡን ጎትተው ከፈቱ። ከአሥሩ የሥራ ቀን ስድስቱን ስሟ ከታች ነው። በጣታቸው አንድ ባንድ ነኩት።

«ይህቺ ሴትዮ ሰዓቷን አሳየችኝ እኮ» አሉ። «እጇን ዘርግታ አሳየችኝ።»

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። «ይደር» አሉ። ያንን ቃል ስሰማ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዚያን ዕለት ግን የሁለት ሰዓቱን ደወል ከዳይሬክተሩ ሰዓት አይደለም፣ ከመምህርቷ ሰዓት ጠይቄ መታሁ።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ስብሰባ ጠሩ። ሁሉም የለመደውን ድክመቱን አዘጋጅቶ መጣ። እሳቸው ተነሱ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አሉ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ደወላችን ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተመቷል። እኔ ሰዓቴን ከደወሉ ጋር አስተካክዬ፣ ደወሉ ልክ መሆኑን ደግሞ በሰዓቴ መሰከርኩ። አንዲት መምህርት ልክ አይደለም አለችኝ። ሄጄ አላጣራሁም። የባሰው ሌላ ነው። ባለፈው ቆራጥነት የለውም ስትሉኝ አጨበጨባችሁ። በማግስቱ አንድ ደብዳቤ ሳላሳድር ፈረምኩ። የፈረምኩት ለእኔም እንዲጨበጨብልኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ወጥመድ ነው ብለው የፈሩ አሉ፤ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ።

የክበቡ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደወሉን ቀድሞ የመታው ማነው? ይኼ አሻጥር ሊሆን ይችላል።»

አሻጥር የሚባል ቃል በዚያ ዘመን ቀላል ቃል አልነበረም። ሰው ያሳስር ነበር።

«ደወሉ የትምህርት ቤቱ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ለትምህርት ቤቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መስመሩን ያሰመረው የእኔ እጅ ነው።»

ጥፋቴን ሊሸፍኑልኝ ነው። ዝም ብል በዚያው ይቀር ነበር። ግን ማሰሮውን አስቀመጥኩና «እኔ ነኝ» አልኩ። «በአውሮፕላን ነበር የምደውለው።»

«በምን?» አለ ኃላፊው።

«በጠዋቱ አውሮፕላን። ሰዓቱን ለወጡት፤ ለእኔ ማን ይንገረኝ?»

የሒሳብ መምህሩ ነው የጀመረው። «ወይ ጉድ! እኛ እኮ በፓይለት ነው የምንተዳደረው!» አለና ጠረጴዛውን ደበደበ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሱ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ከአሻጥር ያወጣኝ ያ ሳቅ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ሰው ምላስ ከዚያ ወዲህ ክፉ ብዬው አላውቅም።

መምህርቷ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ ሲያልቅ ተነሳች።

«የተናገሩትን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ለዳይሬክተሩ። «ኢንስፔክተር የሚመጣ ጊዜ ግን የሚያነበው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ላይ እኔ አሁንም አርፋጅ ነኝ።»

እውነቷን ነው። መዝገቡ ገጹ ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ነው፤ አይሰረዝም፣ አይቀደድም። ሰርዞ የተገኘ ሥራውን ያጣል።

ዳይሬክተሩ አሁንም ይደር አሉ። አንዳንዱ በንቀት ፊቱን አዞረ። እሳቸው በምሰሶው ዙሪያ እስኪሰለቸኝ ተመላለሱ።

ረቡዕ ጠዋት መዝገቡን አስመጡኝ። መምህርቷንም አስጠሩ። ስሟ ከታች የዋለበትን የመጀመሪያውን ገጽ ከፈቱና፣ ከቀዩ መስመር በታች፣ ከእሷ ስም ሥር፣ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙ። አጠገቡ «ደወሉ ቀድሞ ነበር» ብለው ጻፉ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ስድስቱንም ገጽ። በስድስቱም ቀን ዳይሬክተሩ ራሳቸው አርፋጅ ሆኑ ማለት ነው።

«እንግዲህ የሚጠይቅ ሰው አንቺን ብቻ ጠይቆ አያልፍም» አሏት። «እኔን ሳያስጠራ የሚፈርድብሽ የለም።»

እሷ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይኼ እርስዎን ይጎዳዎታል» አለች።

«ለአንድ ሌሊት አስቤበታለሁ» አሉ።

ደብዳቤውን ቀደዱት፤ ለግልባጩም መሻሪያ ጻፉ። ኢንስፔክተሩ ከወር በኋላ መጣና መዝገቡን አገላበጠ። መምህርቷን አልነካትም። ዳይሬክተሩን ግን ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ከዳይሬክተርነት ተነስተው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት በተራ መምህርነት ተመደቡ።

አግዳሚዋ ላይ ያለው ወሬ እንደተከፋፈለ ቀረ። ሞኝ ነው፣ ደብዳቤውን ቀድዶ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር ያለ አለ። ለመወደድ የተደረገ ነው ያለም አለ። የሒሳብ መምህሩ ምንም አላለም። እሱ ዝም ያለበት ወሬ ያኔ ብቻ ነው የማስታውሰው። አዲሱ ዳይሬክተር ፈጣን ሰው ነበሩ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ወደዳቸው። በሦስተኛው ወር አንድ ልጅ ባላጠፋው ተባረረ። የሒሳብ መምህሩ የዚያን ቀን መዝገቡን ሲፈርም እስክሪብቶው እጁ ላይ ቆመ። «ያ ሰውዬ ቢሆን ይቺን ያሳድራት ነበር» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

የመምህርቷ እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆየች። ያረፈችው በልጇ እጅ ላይ ነው። ለቅሶ ኮተቤ ሄድን፣ መምህራኑ በሙሉ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከቀብር ከተመለስን በኋላ ዳይሬክተራችን መጡ፤ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ያው የተጣፈ ኮት። በሩ ላይ ቆመው ጎንበስ አሉና «ይቅርታ፣ አረፈድኩ» አሉ።

የሒሳብ መምህሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ወንበሩን በክርኑ ጠረገና አስጠጋላቸው።

«የለም ጌታዬ» አላቸው። «ደወሉ ነው የቀደመው።»

እናቷ ካረፈች ጀምሮ እህል ያልቀመሰችው መምህርት ከነጠላዋ ውስጥ ቀና ብላ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ አለቀሰች። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሳይቸኩሉ አመሹ።